ሙሽራዋን ያስረሳው የዲንሾ አጋዘን

ዛሬ በእህቴ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ፎቶ ሊያነሳ የተሻማው እሷን አይደለም፤ አጋዘን ነው።

ለሙሽሮቹ ፎቶ ከሮቤ ዲንሾ ፓርክ ድረስ ሄድን። (ሮቤ መናፈሻ ጠፍቶ አይደለም፤ ሙሽራዋ "አገር ምድሩ የተነሳበት ቦታ አልነሳም" ብላ ነው። አገኘችው!)

ገና አንድ የጽድ ዛፍ ሥር እንደቆመች አክስታችን ፋጡማ "ማሻ አላህ! ማሻ አላህ!" አሉ። እህቴ አፍራ አንገቷን ደፋች።

ቀና ስትል ግን አንድም ሰው እሷን አያይም። ከኋላዋ ቀንዳም የደጋ አጋዘን እንደ ሚዜ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሚዜዎቹ ስልካቸውን አወጡ፤ ፎቶ አንሺው ሳይቀር ካሜራውን አዞረ።

"ባሌስ የት ሄደ?" አለች።

ባሏ በአዲሱ ሱፍ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ አጋዘኑን ቪዲዮ ይቀርጻል። እንድታገባው ሲለምናት እንኳ እንዲህ አልተንበረከከም!

እስከ ሮቤ ድረስ መኪና ውስጥ አኮረፈችው። ቢለምናት፣ ቢያባብላት ወይ ፍንክች። ቤት ልንደርስ ስንል "እስቲ ቪዲዮውን አሳየኝ" አለችው።

እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ማሻ አላህ" አለች።

እናንተስ ሠርግ ላይ ሳይጠራ መጥቶ ሙሽራ ያስረሳ እንግዳ ገጥሟችኋል? ጻፉልኝ፤ ለእህቴ አነብላታለሁ።