ጭቃው ላይ የቀረው አሻራ

ለቡ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ አንዲት ሴት የጠላ ጋን በወይራ ስታጥን ጎረቤቶቼ ጭሱን ያማርራሉ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ እምገዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ መካኒሳ አቦ እንኖር ነበር። በጠላዋ የታወቀችው እናቴ ማኅበር የማውጣት ተራዋ ደርሶ ጠመቀች። አፉ በጭቃ የታሸገው ጋን ውስጡ ሲንሾካሾክ አላስችል አለኝና ከፍቼ አሸተትኩት፤ ጭቃውን እንደ ነገሩ መልሼ ለጠፍኩ። በማኅበሩ ዕለት ጠላው ሆምጥጦ ተገኘ።

"የዘነቡ ዓይን ነው! ባለፈው መጥታ አላየችውም?" አለች አክስቴ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ዳቦ ይዘው በር ላይ ደርሰው ነበር፤ ሰሙ። ወደ ኋላ ዞሩ።

እናቴ ጭቃው ላይ የደረቀውን የትንንሽ ጣቶች አሻራ አየች፤ ቀጥሎ እኔን።

"ጋኑን በቅጡ ሳላጥን ቸኩዬ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው። ዘነቡ፣ ነይ ግቢ!" አለች፣ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት።

ለምን እንደዋሸች በኋላ ስጠይቃት፣ "ጠላ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። ጎረቤትስ?" አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ቡዳ የለም ብለው የሚከራከሩ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ለክርክሩ ሲል እንደ እናቴ ዓመት ሙሉ በሆምጣጣ ጠላ የታማ ደራሲ ግን አላጋጠመኝም።