ወረፋውን የምታየው ሴት

መድኃኒት አስመጪው ድርጅት ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ «ፖስተኛዋ» ነበር የሚሏት። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል የሚያመላልሰው ሰርቨር በእሷ እጅ ስለነበር ነው። ክፍሏ ምድር ቤት፣ ከመጋዘኑ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ማሽኑ እንዳይግል ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ስለሚነፍስ በሞቃት ወራትም ሹራብ ደርባ ነው የምትውለው።

ጠዋት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ የምትሠራው ሥራ ወረፋውን ማየት ነበር። ሰው ኢሜይል ሲልክ መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይሄዳል። የተቀባዩ ሰርቨር ካልመለሰ ወይም ቆይታችሁ ሞክሩ ካለ ግን እዚያው ማሽኑ ላይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። እሷ ዝርዝሩን ከፍታ ማን እንደላከው፣ ለማን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚከብድና ለምን እንደቆመ ታያለች። አድራሻው ተሳስቶ ከሆነ ላኪው ጋ ትደውላለች። እንዲሁ የዘገየ ከሆነ እንደገና እንዲሞከር ታዛለች። ውስጡ ምን እንደተጻፈ ዝርዝሩ አያሳይም። እርግጥ ልክፈተው ብትል ትችል ነበር፤ አንድ ትእዛዝ መጻፍ ነው። በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ ግን አንድም ቀን ጽፋው አታውቅም። የከለከላት ሰው ኖሮ አይደለም፤ ነውር ስለሚመስላት ነው።

ሰው ይህን አላመናትም። ደረጃ ላይ ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ነበሩ። የመጋዘኑ ኃላፊማ እሷ ፊት ልብስ ለብሶ መቆሙ ራሱ ከንቱ ድካም እንደሆነ እየነገረ ያስቃት ነበር። እሷም የእነሱን ደብዳቤ ከማንበብ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ እንደሚሻላት ትመልስለታለች። ያን ጊዜ ነገሩ ገና ቀልድ ነበር።

እዚያ መሥሪያ ቤት ያስገባቻት የባሏ እህት ናት። እንዲያውም ከባሏ ጋር ያስተዋወቀቻትም እሷው ናት። እህትየው ሽያጭ ክፍል ትሠራለች፤ ተጫዋች፣ አፏ የሚጣፍጥ፣ እምቢ ያለ ደንበኛን አባብላ የምትመልስ ሴት። ጠዋት አብረው ይወጣሉ፤ ማታ አብረው ይመለሳሉ። ቤታቸውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ እህትየውና እናቷ ፊት ለፊት ባለው ቤት፣ ባልና ሚስት ከኋላ ባለው። ፖስተኛዋ ከባሏ ጋር የተኳረፈች ቀን እንኳ ሄዳ የምትተኛው እህቱ አልጋ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት እህትየው ወደ ምድር ቤት ወረደችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ጠዋት የላከችው መልእክት አልደረሰንም ተብላለች፤ እስቲ እይልኝ አለች። ፖስተኛዋ ወረፋውን ከፈተች። መልእክቱ ተሰልፎ ቆሟል። የተቀባዩ አድራሻ የተፎካካሪያቸው ድርጅት ነው። ቀና ብላ አየቻት።

እህትየው አልደበቀችም። ሥራ ልትቀይር አመልክታለች። የግል ኢሜይሏ አልከፈት ስላላትና ማመልከቻው በዚያው ቀን ስለሚዘጋ ቸኩላ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ልካዋለች።

«ለወንድሜም ቢሆን እንዳትነግሪው» አለቻት። «እሱ ለእማዬ ያወራል፣ እማዬ ደግሞ ለሰፈሩ።»

ፖስተኛዋ ሳቀችና እሺ አለች። መልእክቱ እንደገና እንዲሞከር አዘዘች፤ ትንሽ ቆይቶ ከዝርዝሩ ወጣ። ሄደልሽ ስትላት እህትየው ግንባሯን ስማት ወጣች።

ወሩ ሳያልቅ ሥራ አስኪያጁ እህትየውን አስጠራት። ሊሰጣት ቃል የገባላት የክፍል ኃላፊነት ለሌላ ሰው መሰጠቱን ነገራት፤ እሷ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ማከፋፈያ ትዛወራለች። ሌላ ቦታ ማመልከቷን እንደሚያውቅም አልሸሸጋትም። ከማን እንደሰማው ግን አልነገራትም።

ከእሱ ቢሮ ቀጥታ ወደ ምድር ቤት ወረደች። አልጮኸችም።

«ከአንቺ ሌላ ማን አየው?»

«እኔ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ከአንቺ ሌላ ማን አየው ነው ያልኩሽ።»

ፖስተኛዋ እስከምታውቀው ድረስ ሌላ ያየው ሰው የለም።

ነገሩ የዚያኑ ዕለት ግቢው ደረሰ። አማቷ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ግን «ልጄ» ማለቱን ትተው ለጎረቤት «የልጄ ሚስት» እያሉ ያወሯት ጀመር። ባሏ መነጽር ሠሪ ነው፤ ጠብ የማይወድ፣ ለስለስ ያለ ሰው። ራት በልተው ሲጨርሱ እውነቱን እንድትነግረው ጠየቃት። ነገረችው፤ እህቱ ከእሱም እንድትደብቅ ቃል ስላስገባቻት ዝም ማለቷን ጭምር። እሱ የሰማው ይቺን የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

«ለካ ከእኔም ትደብቂያለሽ» አለ። ቀጥሎ ነገሩን ያለዘበ መስሎት «ምናልባት ሳታስቢው አምልጦሽ ይሆናል» አላት።

እህቱ ስትወነጅላት ተናዳ ነበር። ይቺ «ምናልባት» ግን አጥንቷ ድረስ ገባች።

ወሬው መሥሪያ ቤቱንም አዳረሰ። ሠራተኛው የግል ጉዳዩን በስልኩ ብቻ ይጨርስ ጀመር። ድሮ ጠዋት ወረፋውን ስትከፍት ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለሐኪም፣ ውጭ አገር ላለ ወንድም የተላከ መልእክት ተሰልፎ ታገኝ ነበር። አሁን የጉምሩክ ጉዳይና የዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ቀረ። ሰው ምን ያህል እንደሸሻት በዓይኗ የምታየው እዚያ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ከእሷ ጠረጴዛ ወንበር የሚወስድ እንጂ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ጠፋ።

በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ራሱ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ እንዲህ አድርጎላት አያውቅም። ከተፎካካሪዎቻቸው ጋር የሚጻጻፍ ሠራተኛ ካለ አልፎ አልፎ ሹክ ብትለው ውለታዋን እንደማይረሳ ነገራት።

«የእኔ ሥራ መልእክቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው» አለችው። «ይህን ልሠራልዎት አልችልም።»

ሰውየው አልተቆጣም። «የባልሽን እህት ጉዳይማ ያመለከተችበት ድርጅት ኃላፊ ራሱ ደውሎ ነው የነገረኝ» አላት። «ምን ዓይነት ሠራተኛ ናት ብሎ ሊጠይቀኝ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ የሚደውል አይገኝም።»

እውነቱን የሰማችው እንዲህ ነው። ይህንኑ ለባሏ እህት እንዲነግርላት ለመነችው። የሰው ቤተሰብ ጣጣ ውስጥ እንደማይገባ ነግሯት ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። አመናት። ማመኑ እንደዘገየ እሱም ስለሚያውቅ ዓይኗን ማየት አቃተው። በዚያው ተነስቶ እህቱ ጋ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ምን አለችህ ስትለው «ታዲያ ሚስትህ ሌላ ምን ትበል?» ብላ እንደሳቀችበት ነገራት።

ብዙ ሳይቆይ ድርጅቱ ኢሜይሉን በኮንትራት ለሌላ ኩባንያ ሰጠ። አሠራር ማዘመን ነው ተባለ። እሷን ፕሪንተር እንድትጠግንና ቀለም እንድትቀይር መደቧት። ወረፋውን አሁን የሚያዩት ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ያንብቡ አያንብቡ የጠየቀ የለም። ሠራተኛው ተመልሶ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ የልቡን ይጻጻፍ ጀመር። ለእሷ የሚሰጡት ሰላምታም ሞቀ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሻይ ጋበዛት፤ ጠጣችለት፣ ያወራው ግን እሱ ብቻ ነበር።

ከጊዜ በኋላ እህትየው እዚያው ያመለከተችበት ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘች። አንድ የዕረፍት ቀን ሁሉም አማቷ ቤት ምሳ ቀርበው ሳለ ሳህን እያቀበለቻት፣

«ለካ የአሁኑ አለቃዬ ራሱ ደውሎ ኖሯል» አለች። ስለ ዝናብ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«አውቃለሁ» አለች ፖስተኛዋ።

«ያው፣ ያኔ በምን ይታወቃል።»

ባሏ አንገቱን ደፋ። አማቷ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ አሳሰቡ። ፖስተኛዋ ሳህኑን ተቀብላ በላች፤ ሲጨርሱ ዕቃ አነሳስታ አጠበች።

ወደ ቤታቸው ሲገቡ ባሏን ከዚህ ግቢ ወጥተው የሚከራዩት ቤት እንዲፈልግ ነገረችው። እሺ አለ። እየፈለገ እንደሆነ እስካሁን ይነግራታል። እውነቱን ይሁን አይሁን አትጠይቀውም።