ያዮ ላይ የጠለለው መድኃኒት

ከመቱ መናኸሪያ የተነሣሁት ቅዳሜ ጠዋት፣ የነሐሴ ዝናብ እያካፋ ነው። ሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ያዮ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ዋዜማውን ደውሎ፣ «እትዬ፣ ሲፈን ዛሬም ወደቀች። መድኃኒቱ እምቢ ብሏል። ጅማ እንውሰዳት?» አለኝ።

ሲፈን ሴት ልጁ ናት፤ የሚጥል በሽታ አለባት። እንክብል ስትውጥ ዓመት ሙሉ ደህና ከርማ ነበር። እንክብሉ ከገበያ ሲጠፋ መቱ ያሉት ሐኪሟ ያንኑ መድኃኒት በሽሮፕ ለወጡላት፤ ብዙም ሳይቆይ በሽታው ተመለሰ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። አባቷ ግን «ክፍል ውስጥ ከምትወድቅ ቤት ትቀመጥልኝ» ብሏል። እኔ መቱ ላይ መድኃኒት ቤት ስላለኝ ዘመድ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እኔ ላይ ነው። ምን እንደምላቸው ግን ጨንቆኝ ነበር።

በመንገድ

ሚኒባሱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት አድርጎ ጠቀጠቀን። ረዳቱን «እኔ እኮ ጆንያ አይደለሁም!» ስለው «እትዬ፣ ጆንያማ ጣራ ላይ ነው» ብሎ አሳቀብኝ። ሁሩሙ ላይ በመስኮት የተቀቀለ በቆሎ ገዛሁ፤ ትኩስ ነው፣ ጨውም አለው፣ ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። አጠገቤ የተቀመጡ ሼህ አደም የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ አዩኝ።

«መኪናው ነው ያመመሽ ወይስ ሐሳብ?»

«የወንድሜ ልጅ ታማብኝ ነው ጋሼ።»

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽራታል» አሉና ሻንጣዬን ጭናቸው ላይ ያዙልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ መንገዱ ያጥርልኛል።

ከዚያ ወዲያ ደኑ ነው። ግራ ቀኙ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቡና፣ ከቅርንጫፎቹ ላይ ቀፎ። ያዮ ከተማ ደርሰን ባጃጅ ብለምን የደረጀን ሰፈር ስም ሲሰማ ነጂው ሁሉ ጭቃውን እያሰበ ራሱን ነቀነቀ። ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ወረድኩ። ሁለቴ ተንሸራተትኩ፣ አንዴ ተቀመጥኩ፤ ቀሚሴን ያየ ይፍረድ።

ጠርሙሱ

ሲፈን በር ላይ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ግንባሯ ላይ የወደቀችበት ቁስል አለ። እናቷ ጫልቱ ገና ውሃ ለእግሬ ስታቀርብ፣ «ቆይ እሱ ይደርሳል፤ እስቲ መድኃኒቷን አምጪልኝ» አልኳት።

አመጣችው። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ ሳይ ክው አልኩ። ያ ሽሮፕ እንደ ወተት የነጣ መሆን አለበት። ይኼኛው ኩልል ያለ ነው፤ ማዶ ያለው የሙዝ ተክል ይታየኛል።

«ጫልቱ፣ ምን ጨመርሽበት?»

«ኧረ ምንም! እኔማ አጠልልላታለሁ እንጂ» አለች ኮራ ብላ። «ከታች አሸዋ የመሰለ ነገር ይዞ ነው የመጣው። በንጹሕ ሻሽ አጥልዬ ነው የምሰጣት።»

«ነቅንቁት አላሏችሁም?»

«ብለውናል። ከጠለለ በኋላ እነቀንቀዋለሁ።»

ወይ ጉድ! ሳቅም ለቅሶም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ጫልቱ ማር አጥልላ የምትሸጥ ቤተሰብ ልጅ ናት። ሰፈፉና የንብ ክንፉ ሻሹ ላይ ይቀራል፣ ንጹሑ ይወርዳል፤ እጇ የለመደው ይህንን ነው። ያልተከፈተ ሁለተኛ ጠርሙስ ነበራቸው። አብረው እንዲያዩ ደረጀንም ጠርቼ ነቀነቅኩት። ከታች የተኛው ነጭ ደቃቅ ተነሣና ጠርሙሱ ሁሉ ወተት መሰለ።

«ያየሽው አሸዋ መድኃኒቱ ራሱ ነው» አልኳት። «ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገኘው። በሙቅ ፈሳሽ ያሟሙትና ቀስ ብለው ያቀዘቅዙታል። ያኔ መድኃኒቱ ለብቻው እየረጋ እንደ ስኳር ፍሬ ያለ ጥቃቅን ክሪስታል ይሆናል፤ እድፉ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ንጹሕ የሚሆነው በመርጋቱ ነው። ከዚያ ክሪስታሉን ያደቁታል። የሲፈን መድኃኒት ውሃ ውስጥ እሺ ብሎ ስለማይሟሟ ደቃቁን እንዳለ ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ በትነው ይልኩታል። ያንቺ ማር በብርድ ሲረጋና አሸዋ አሸዋ ሲል ትደፊዋለሽ?»

«ማሩ እኮ ነው! ለምን እደፋዋለሁ?»

አለችና ቀጥ ብላ ቀረች። «ዋቃዮ! ታዲያ ልጄን ስኳር ውሃ ሳጠጣት ነው የከረምኩት?» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አይዞሽ፣ ከቆሻሻ ልትጠብቂያት ብለሽ ነው» አልኳት። ደረጀ ግን ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ቆመ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያለቀሰ ነው። «በሽታው አልባሰባትም ማለት ነዋ፣ እትዬ?» አለኝ። ሐኪሟ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። መጠኑን ነግረውኝ፣ «ነቅንቃችሁ ስጧት፤ ሰኞ አምጧት፣ እኔው አያታለሁ» አሉ። የዚያን ዕለት ራት ላይ የበቆሎ ቂጣ በማር ስበላ ጠዋት እምቢ ያለኝ ጉሮሮ የት እንደገባ እንጃ።

መቱ

ሰኞ አራታችንም ወደ መቱ መጣን። ሲፈን መንገዱን ሙሉ ቀፎ ስትቆጥር እኔን ስታስቆጥር ጆሮዬን በላችው። ሐኪሟ አይተዋት የጅማው ጉዞ እንደማያስፈልግ ሲነግሩን ደረጀ ግድግዳ ተደግፎ «እፎይ!» አለ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እስካሁን አልወደቀችም።

እኔም ሱቄ ስመለስ ያመጣሁት ትምህርት አለ። ማክሰኞ ዕለት አንድ አባት ተመሳሳይ ሽሮፕ ሊገዛ መጣ። ጠርሙሱን ፊቱ ነቅንቄ፣ «ከታች የሚዘቅጠው መድኃኒቱ ነው፤ እንዳታጠልሉት» አልኩት።

ሰውየው ሳቀ። «ደግሞ መድኃኒት ማን ያጠልላል?»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት በእጃቸው የያዙትን የዚያኑ ሽሮፕ ባዶ ጠርሙስ ቀስ ብለው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

«እኔ አጠልላለሁ» አሉ። «ምነው ልጄ?»