የቡሪ ዓሣ ዝላይና የዙሁር ዜሮ

ዙሁር በቀርቀና ደሴት ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካሬያዊ እኩልዮሽ ስታስተምር በጠመኔ ሰሌዳው ላይ የምትስለው መስመር ጎበጥ ብሎ ይነሣና መልሶ ይወርዳል፤ ተማሪዎቿም «መምህርት ዓሣዋን አዘለለች» ይባባላሉ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ያ ጉብጠት ከልጅነቷ ጀምሮ በዓይኗ ውስጥ ሲዘል የኖረ ነው።

ቡሪ የሚሉት ዓሣ ሲከቡት መረቡን ዘሎ ያመልጣል። የደሴቲቱም ሰው ከመረቡ ውጭ፣ ውሃው ላይ የሸምበቆ ምንጣፍ አንጥፎ ይጠብቀዋል። ዘንድሮ ግን ቡሪው ፋፍቶ የአባቷን የሐሙዳን ምንጣፍ እየተሻገረ ሦስት ሳምንት ባዶ እጃቸውን መለሳቸው።

«አጎቴ ሐሙዳ፣ ዓሦቹ የሚዘሉት እርስዎን ሰላም ለማለት ነው እንዴ?» አላቸው ጎረቤታቸው ሙንጂ።

«ዓርብ ካመለጡኝ መረቡን ውሰደው። እኔም ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ዙሁር ይህን ሰማች። ያለ ባሕር አባቷ ምን ሊሆኑ ነው? በየክንዱ ምልክት ያለበት በትር ይዛ ሁለት ማለዳ ጀልባ ላይ ዋለች። ዝላዩ አራት ክንድ ይርቃል፤ መሐሉ ላይ አንድ ክንድ ከፍ ይላል። እኩልዮሹን ጻፈች፤ ከፍታው ዜሮ የሚሆንባቸው ሁለት ቦታዎች ወጡላት፦ ዜሮና አራት።

«አባዬ፣ ምንጣፉ ከአራት ክንድ ይብለጥ» አለች፣ ከዜሮ እስከ አራት የሳለችውን ጉብጠት እያሳየች።

«እሱን ተሸክማ ጀልባዬ ልትሰምጥ ነው። ለመሆኑ ዜሮሽን የት አስቀመጥሻት?»

«መረቡ ሥር ነዋ።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «የኔ ምሁር፣ ቡሪ መረቡን ታክኮ ይነሣል ያለሽ ማነው? አንድ ክንድ ተኩል ሲቀረው ነው ብድግ የሚለው።»

ዙሁርም ሳቀች። ከአራት ላይ አንድ ተኩል ሲነሣ ሁለት ተኩል። የአባቷ ምንጣፍ ደግሞ ሁለት። ሦስት ሳምንት ያንገበገባቸው ግማሽ ክንድ ነበር። በምንጣፉ ጠርዝ ላይ አንድ ክንድ ሸምበቆ ቀጠሉ።

ዓርብ ጠዋት ባሕሩ እንደ ሐር ለስልሷል። ሐሙዳ ውሃውን በመቅዘፊያ እየመቱ አንጎራጎሩ፦

ዝለል የእኔ ብር፣ ዝለል ወደ ሰማይ፣
ምንጣፍ ዘርግቻለሁ በባሕሩ ገላ ላይ።

የመጀመሪያው ብድግ አለ፤ ፀሐይዋን በጎኑ አብለጨለጨና ጧ፣ ሸምበቆው ላይ። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ባሕሩ የሚያጨበጭብ መሰለ። ዙሁር መቁጠሩን ትታ አባቷን ታያለች። ዕድሜያቸው በሃያ ዓመት የቀነሰ ይመስል ነበር።

ሙንጂ ጀልባውን አስጠጋ። «አጎቴ፣ ምንጣፍዎ ስንት ክንድ ነው?»

«ያንተስ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ሰኞ ልጄ ክፍል ግባ» አሉ ሐሙዳ፣ መረባቸውን ወደ ጉልበታቸው እየሰበሰቡ። «ከፊት ተቀመጥ ታዲያ፤ ኋላ ያሉት ይረብሻሉ።»