ሚኒሞ አልይዝ ያለችው መኪና

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የመጀመሪያውን መንፈቅ ጨርሼ ጭሮ ስመለስ አባቴ መኪናውን ሊሸጥ ቃል ሰጥቶ ጠበቀኝ። ገዢው መኪናዋን የሚጠግነው መካኒክ ራሱ ነው። ይህን ስሰማ ለመካኒኩ የነበረኝ ጥቂት አክብሮት እዚያው አለቀ።

መኪናዋ ትንሽ አውቶሞቢል ናት። አባቴ በአዘቦት ቀን ሰው ያመላልስባታል፤ በገበያ ቀን ደግሞ የኋላውን መቀመጫ አጥፎ ከበደሳ ጫት ይጭንባታል። በእሱ ዕድሜ ያለ ሾፌር የሚቀጥር የለም። መኪናዋ ከሄደች የሚቀረው ቤት መዋል ነው፤ ቤት መዋል ደግሞ አባቴን በአንድ ዓመት ውስጥ ሽማግሌ ያደርገዋል።

በሽታዋ ሁለት ዓይነት ነበር። ቆማ ሞተሯ ሲሠራ፣ ማለትም መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ላይ ስትሆን፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዳገት ላይ ጉልበቷ ድንገት ይጠፋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልነካት ትወጣዋለች።

መካኒኩ ይህን ሦስት ወር አከመ፣ ማከም ከተባለ። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያስነሳል። መካኒኩ ከተቀመጠበት ፍራሽ ሳይነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ወዳጆቹም አብረውት ይጨፍናሉ። «ካንዴላ ነው» ይላል። ካንዴላ ተቀየረ። «ፊልትሮ ነው» ይላል። እሱም ተቀየረ። መንቀጥቀጡ እንዳይታወቅ ሚኒሞውን ከፍ አደረገውና መኪናዋ ቆማ እንኳ እንደ ጭነት መኪና መጮህ ጀመረች፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። ይህንን ሙያ ብሎ የሚጠራ ሰው በከተማችን ብዙ ነው። በሦስት ወር ውስጥ አባቴን «የምትታመመው ምን ቀን ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። ለመጠየቅ አለማወቅን ማመን ያስፈልጋል።

እኔ መኪና አላውቅም። ማስታወሻ መያዝ ግን አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ከአባቴ ጎን እየተቀመጥኩ ምን እንደጫነ፣ የት ዳገት ላይ እንደደከመች፣ መካኒኩም ምን እንዳለ ጻፍኩ። ደብተሩን መልሼ ሳነብ ነገሩ ከባድ አልነበረም። ሰው በምታመላልስበት ቀን ደህና ናት። ከበደሳ ጫት ይዛ ስትመለስና በማግስቱ ግን ይብስባታል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይሻላታል።

ርክክቡ ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ጠዋት፣ በገበያው ማግስት፣ አባቴ መካኒኩ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያያት ብሎ ወደ ጋራዡ ወሰዳት። ደብተሬን ይዤ ተከተልኩት።

«ሞተሩ አልቋል ጋሼ» አለ መካኒኩ። «ወላሂ ለእርስዎ አዝኜ ነው የምወስድልዎ።»

«የገበያ ቀን ብቻ የሚያልቅ ሞተር አለ እንዴ?» አልኩት።

ወዳጆቹ ሳቁ። «አቦ! ዩኒቨርሲቲ መካኒክ አድርጎ ላከልን!» አለ አንዱ።

«ምንድን ነው የምትማሪው አንቺ?» አለኝ መካኒኩ።

«ገና ነኝ። ዲፓርትመንት አልደረሰኝም።»

«በዲፓርትመንት ያላመኗትን ልጅ እኔ በሞተር ልመናት?»

አባቴም ሳቀ። መካኒኩ እንዳይቀየመው ብሎ ነው የሳቀው። ሳቁን ናቅሁት፤ እሱን ግን መናቅ አልቻልኩም።

ሞተሩ እየሠራ የኋላውን በር ከፈትኩ። ደብተሬ የሚያመለክተው ጫቱን ስለነበር ጫቱ የሚያርፍበትን ቦታ ማየት ፈለግሁ። መቀመጫውን ሳነሳ ምንጣፉ ረጥቧል፤ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። አባቴ ጫቱ እንዳይጠወልግ መንገድ ላይ ውሃ ይረጭበታል፤ እዚህ የማይረጭ የለም። ከጆንያው የሚንጠባጠበው ውሃ መቀመጫው ሥር ይጠራቀማል። እዚያ ክብ ክዳን አለ። በካቻቢቴ ፈታሁት። ከክዳኑ ሥር ያለው፣ ኋላ እንደተረዳሁት ለነዳጁ ፖምፓ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ሶኬት ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ጫን አድርጌ ስይዘው መንቀጥቀጡ ቆመ። ወዘወዝ ሳደርገው ሞተሩ ጠፋ። አባቴን እንደገና አስነሳ አልኩትና ደገምኩት፤ ጠፋ።

መካኒኩ ከፍራሹ ተነሳ። መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ አየ።

«ይሄ እኮ ሽቦ ነው!» አለ ወደ ወዳጆቹ ዞሮ። «ከመጀመሪያውም ሽቦ ነው ብያለሁ፤ አላልኩም?»

«ብለሃል፣ ብለሃል» አሉ ሁለቱም፣ ጉንጫቸው እንደተወጠረ።

ደብተሬ ውስጥ የተናገረው ሁሉ ነበር። ሽቦ የሚል ቃል የለበትም። ልከፍተው ስል አባቴ እጄን ያዘ።

«እውነቱን ነው፤ ብሎኛል» አለ። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር «እንግዲህ የኔ ወንድም፣ ያለቀ ሞተር ካልሆነ የነገውን ርክክብ እንተወው። እጅህ ላይ ሳለች ይህቺን ሽቦ ሥራልኝ» አለው።

መካኒኩ በወዳጆቹ ፊት ምን ይበል? «ምን ገዶኝ» አለና ተንበረከከ። ወደ እኔ ሳያይ እጁን ዘረጋ፤ «ፒንሳ።»

አቀበልኩት። የዛገውን ቆርጦ አዲስ ሶኬት ሲያስር ውሃው ከየት እንደመጣ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ከጫቱ ሥር የሚነጠፍ ፕላስቲክ ለመግዛት ወደ ሱቅ ሄድኩ።

ቅዳሜ ለርክክብ በተቀጠረው ሰዓት አባቴ አራት ሰው ጭኖ ከጭሮ ዳገቱን ይወጣ ነበር።