የዲስኩ መጨረሻ

የአባቴን ቀብር የያዘው ዲቪዲ ጁባ የደረሰው ከአዲስ አበባ በመጣች የቤተክርስቲያናችን እህት ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬ ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። ማኅደር የለው፣ ምን የለው። በበርበሬው ላይ የጁባ አቧራ ሲጨመርበት እንግዲህ ዲስኩ ምን ይሁን።

መርዶውን ያረዱኝ የኅብረታችን ሰዎች ናቸው። ጁባ ንያኩሮን ሰፈር በተከራየኋት አንድ ክፍል ማለዳ አንኳኩተው ገቡ፣ ዘመሩ፣ ጸለዩ። አባቴ ተቀብሮ ሰልስቱም አልፎ ነበር። መታመሙን እንኳ የሰማሁት ያኔ ነው። አላለቀስኩም። ሰዎቹ «ጌታ አጽንቷታል» እያሉ ይወጡ ነበር፤ ጽናት ግን አልነበረም፣ ደንዝዤ ነው። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ቁልፍ ስሰጥና ቁልፍ ስቀበል ዋልኩ።

ቤቴ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረችኝ። ዲስኩን ከተትኩት። ቀብሩ አለፈ፣ ድንኳኑ መጣ፣ አክስቴ ንፍሮ ዘግና ወደ አፏ ልትወስድ ስትል ስታክ አደረገ። ወደ ፊት ባስሮጠውም እዚያው ሲደርስ ቀጥ ይላል። የአክስቴ እጅ አፏ ሳይደርስ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩለት። አባቴን ያስታመመው እሱ ነው። የደበቀኝም እሱ ስለሆነ አኩርፌዋለሁ። «እንዳትደነግጪ ብለን እኮ ነው» ይላል፤ አሁን ያልደነገጥኩ ይመስል።

«ሌላ ኮፒ ላክልኝ፤ ይሄኛው ድንኳኑ ላይ ይቆማል» አልኩት።

«ሌላማ የለም። ቪዲዮ ቤቱ ዋናውን አጥፍቶታል። መጨረሻውን አላየሽውም ማለት ነው?»

«መጨረሻው ላይ ምን አለ?»

«አባዬ ነው። ሆስፒታል እያለ እኔው በሞባይሌ ቀርጬ ዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስገባሁት፤ ሞባይሉም ከዚያ ወዲህ ጠፍቶብኛል። ስላንቺ ያወራል። በአፌ አልነግርሽም፤ ስታይው ደውይልኝ» አለና ዘጋው።

የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሪፈረንደም ሊደርስ ሰሞን ነው። ጁባ ታውን ውስጥ ፎቶኮፒ የሚያነሳ፣ ኮምፒውተርም የሚጠግን ሰው ነበር። አገሩ እዚሁ ነው፤ ግን በስደት አዲስ አበባ ስላደገ በአማርኛ ተረብ እኔን ያስከነዳኝ ነበር። ዲስኩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና «እህቴ፣ በሚጥሚጣ ነው እንዴ ያጠብሽው?» አለኝ።

«የአባቴ ቀብር ነው።»

«ማሌሽ» አለ፤ በጁባ አረብኛ ይቅርታ መጠየቁ ነው። ዲስኩን በሸሚዙ ጫፍ ቀስ አድርጎ ጠረገው። «ከዲስኩ ላይ ማየት ይቅርብሽ። መጀመሪያ ኮምፒውተርሽ ላይ ገልብጪው» ብሎ ሦስት ሶፍትዌር በፍላሽ ሰጠኝ። የሚሆነኝን ሞክሬ እንድመርጥ ነው።

የመጀመሪያው ያምራል፤ ሰማያዊ፣ ሥዕል በሥዕል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመና ቀሪውን የምፈልግ ከሆነ በክሬዲት ካርድ እንድከፍል ጠየቀኝ። ጁባ ላይ ክሬዲት ካርድ ከየት ይመጣል? የገለበጠውን ሳየው ደግሞ በሬሳ ሳጥኑ ላይ ሶፍትዌሩ የራሱን ስም በትልቁ አትሞበታል። በጣም ተናደድኩ። ከመርዶው ወዲህ የሆነ ነገር ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ጭረት ሲያገኝ የለፋበትን ሁሉ ጥሎ ይዘጋል። ኩሩ ነው። ሦስተኛውን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ግራጫ መስኮትና ቁጥር ብቻ ነው።

ተመልሼ ሄድኩ። «ሦስተኛውስ?» አለኝ።

«አስቀያሚ ነው።»

«ልታገቢው ነው እንዴ? ማንበብ ያቃተውን ዘሎ የሚሄደው እሱ ብቻ ነው። የሚዘለለው ይዘለል፣ አንቺ መጨረሻው አይደል የምትፈልጊው?»

እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ የግቢው ጄኔሬተር ሲነሳ ግራጫውን አስጀመርኩት። ኮምፒውተሯ እያጉረመረመች አክስቴን አለፈቻት። ከዚያ በኋላም ብዙ ዘለለ። እኔም በዚያ ሰሞን የማልችለውን እየዘለልኩ ስለነበር የምኖረው፣ አልታዘብኩትም።

ሲጨርስ መጨረሻውን ከፈትኩ። አባቴ አልጋው ላይ ደገፍ ብሏል። እጅግ ከስቷል። መስኮቱን ዝናብ ይመታዋል።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለ።

«መንገድ ላይ ናት አባዬ። ዛሬ ማታ ትገባለች» አለው የወንድሜ ድምፅ፣ ከካሜራው ጀርባ።

እኔ ያን ቀን ጁባ ቁልፍ ስሰጥ ነበር።

የአባቴ ፊት በራ። አንሶላውን ማስተካከል ጀመረ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ዝናብ እኮ ነው። ጃንጥላ ይዘህ ሂድ እንጂ፤ ኤርፖርት ብቻዋን እንዳትቆም» አለ። ምስሉ እዚያ ላይ አለቀ።

ለወንድሜ ደወልኩለት። «አየሁት» አልኩት።

«ተቀየምሽኝ?»

የምመልሰው ብዙ ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ጃንጥላውን ይዘህ ወጣህ?»

«ይዤ ወጣሁ» አለኝ። «እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ነበር።»