ከቁርጥ በፊት የሚዋጥ ክኒን

ባለፈው ሳምንት አራዳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመ ጎረምሳ ሻጯን «ቴትራሳይክሊን ሁለት ፍሬ ብቻ ስጪኝ፤ ቁርጥ ልንበላ ነው» አላትና ሳቀ። እኔ ተክሌ ትዝ አለኝ።

በንጉሡ ዘመን፣ እኔ ወጣት ዘጋቢ ሳለሁ፣ ተክሌ በጋዜጣችን ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ለቃሚ ነበር። ጾም በተፈታ ቁጥር ፒያሳ ካለው ሥጋ ቤት አንጠፋም። የክረምቱ ጭቃ ከጫማችን ሳይራገፍ ባንኮኒውን ተደግፈን ጮማውን በአዋዜ እናወርደዋለን። ተክሌ ታዲያ ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት ከደረት ኪሱ የቴትራሳይክሊን ክኒን አውጥቶ ይውጣል።

«ሐኪሜን ይዤ ነው የምበላው!»

«አንተ ዶክተር፣ ሥጋዬን ታሰድባለህ እኮ!» ይለዋል ሥጋ ቆራጩ ጋሽ በቀለ።

«ሥጋውንማ አምነዋለሁ ጋሼ፤ የጠረጠርኩት ቢላዎን ነው።»

አንድ መስከረም ላይ ተክሌ ታመመ። ትኩሳትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። ክኒኑን ጨመረ፤ ባሰበት። ሐኪም ቤት አስተኛነው። ዓይኑ ጎድጉዶ ሲያየኝ የሚተርፍ አልመሰለኝም።

ክኒኑ ለምን እንዳልሠራ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ወደ ላቦራቶሪው ወሰደኝና አንድ ክብ የመስታወት ሳህን ወደ ብርሃኑ አነሳልኝ።

«ከጓደኛህ የወጣው ተህዋስ ይኸውልህ።»

መስታወት ላይ እንደተነፈሱት ጉም የሳሳ ነጭ ነገር ሳህኑን ሸፍኖታል። በላዩ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። በአንዷ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት አለ፤ እዚያ ተህዋሱ ሞቷል። በቴትራሳይክሊኗ ወረቀት ዙሪያ ግን ነጩ እስከ ጠርዟ ድረስ ተጠግቶ በቅሏል። እሳት ዳር የለመለመ ሣር ያየሁ መሰለኝ።

«ክኒኑ ነው ያስለመደው?» አልኩ።

«የእሱ ክኒን ይሁን፣ ወይስ አስቀድሞ መድኃኒቱን ለምዶ ከሥጋው ጋር ይምጣ፣ ልነግርህ አልችልም። መድኃኒት ደካማውን ይገድላል፤ የቻለው ይቀርና ይራባል።»

ቀለበት የሠራው መድኃኒት በመርፌ ተሰጠው። ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ በረደ፤ ምግብም ጠየቀ።

ሲያገግም ወደ ሥጋ ቤቱ ተመለስን። «ዶክተር፣ ሐኪምህስ?» አለው ጋሽ በቀለ።

ተክሌ ወደ ከሰሉ አመለከተ። «እዚያ ላይ ነው ጋሼ፤ በደንብ ያንጨርጭሩልኝ!»

ባለፈው ሳምንት የፋርማሲዋ ሻጭ ጎረምሳውን «ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሆንም» ብላ መለሰችው። እየተነጫነጨ ወጣ። በሥራዬ ዘመን ሹማምንት ሲወጡም ሲወርዱም ዘግቤያለሁ፤ ብዙም አልደነቀኝም። ያቺ ሳህን ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ ናት፦ ሣሩ እሳቱ ጠርዝ ድረስ በቅሎ ነበር።